ቀኙ ገጽ

አላርመውም፣ አበቃ፣ እጄን አልሰድም፣ የቀይ እስክሪብቶዬን ክዳን እንኳ አልከፍትም፣ ገጽ መቶ ሰማንያ አምስት ከነጉዱ ይታተም፣ ሦስት ሺህ ቅጂ ነው፣ ሦስት ሺህ ጊዜ ይዋረድ። እሰይ። ሃያ ስድስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ፣ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር እንደምን ዋሉ መምህር እያልኩ፣ አንገቴን ሰበር እያደረግኩ፣ ውስጤ እየነደደ፣ በመጨረሻ መጽሐፉን ይዞ በገዛ እግሩ መጥቶ እጄ ላይ ወደቀ፣ ስንት ማተሚያ ቤት ባለበት ከተማ እኔ አራሚ የሆንኩበትን መርጦ፣ አንቺ ካየሽው እኔ ምን ያስፈራኛል እህቴ ብሎ፣ ያንን ድምፁን አለስልሶ። ፍራ እንጂ። መፍራት ያለብህስ አሁን ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ዘጠኝ ላይ መጥቶ የመጨረሻዎቹን ገጾች አይቶ ይፈርማል፣ አይቶ ማለቴ ለወጉ ነው፣ አያይም፣ የት ጋ ነው የምፈርመው ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ወረቀቱ ወደ ታች ወደ ማሽን ክፍል ይወርዳል፣ ማሽኒስቱ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃው ስር ቆሞ ይጮሃል፣ የመጨረሻው ፎርም፣ አሥራ ስድስቱ ገጽ፣ የት አለ፣ ማሽኔ ጾሟን ዋለች እኮ፣ ትጹም፣ እኔም ምሳዬን አልቀመስኩም፣ ሳህኔ መስኮቱ ላይ ክዳኑን እንደደፋ ተቀምጧል። አንቺ ደህና ነሽ ትለኛለች ዲዛይነሯ ከኮምፒውተሯ ጀርባ፣ ፊትሽ ቀልቷል፣ ደህና ነኝ፣ ከደህናም በላይ ነኝ፣ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ለስላሳው ነበር የሚሉት አብረውት የሚማሩት የአባቴ ተማሪዎች፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ደግሞ ሲነቀነቅ አረፋ ይበዛዋል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በሳምንቱ ይሰፋል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የስፌት መኪናውን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጎ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰው፣ ወንበር ያልደረሰው ጣቃው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከጠረጴዛው ስር መርፌ እለቅማለሁ፣ ጆሮዬ ግን እላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከጠረጴዛው ስር ጠየቅኩ፣ አባዬ መጀመሪያ የተፈጠረው ዛፍ ነው ሰው? ሁሉም ሳቁ፣ ለስላሳው በተለይ፣ አባቴ አልሳቀም። ምክንያቱም ምዕራፍ አንድ ላይ መጀመሪያ ዛፉ ነው፣ ከዚያ ዓሣው፣ ወፉ፣ ከብቱ፣ ሰው የመጨረሻ ነው፣ ወንድና ሴት ባንድ ላይ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ደግሞ ሰውየው ይቀድማል፣ ከአፈር፣ ገና ቁጥቋጦ እንኳ ሳይኖር፣ ከዚያ ገነቱ፣ ከዚያ እንስሳቱ ስም ሊያወጣላቸው ይመጣሉ፣ ሴቲቱ መጨረሻ ላይ ከጎኑ። ታዲያ የቱ ነው? ነይ ውጪ ከዚያ አለኝ፣ አቅፎ አስቀመጠኝ፣ እኔ ካፖርቱን ሰፋሁት ስልሽ አንዲት ቃል ናት አይደል፣ እንዴት ሰፋኸው ብትይኝ ግን ከኪሱ ልጀምር እችላለሁ፣ ኪሱን አስቀድሜ ስላወራሁ ካፖርቱ ሁለት ይሆናል? አንዱ ትረካ ራቅ ብሎ ምድሩን በሙሉ ያያል፣ ሌላው ቀረብ ብሎ አንዲት ገነት ውስጥ ይገባል፣ ካፖርቱ አንድ ነው።

እና ይኸው፣ ገጽ አርባ አንድ፣ ካፖርቱ አለ፣ ኪሱም አለ፣ ከነቃሉ። የማን? የለስላሳው። ሽፋኑ ላይ የሱ ስም ብቻ፣ ፎቶው ከኋላ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ያሰበበት ይመስል። አንተ ካፖርት ሰፍተህ ታውቃለህ? ቁልፍ እንኳ የምትተክልልህ ሚስትህ ናት።

ደብተሩን ነው የሰረቀው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አባቴ በሞተበት ቀን፣ ገና ከአልጋው ሳይነሳ፣ ሴቶቹ እናቴን ይዘው ሲያለቅሱ፣ ይሄ ሰውዬ እጁን ትራሱ ስር ሰደደ፣ አዎ፣ የሞተ ሰው ትራስ ስር፣ ጥቁር ሽፋን ያለውን ወፍራም ደብተር አውጥቶ ኮቱ ውስጥ ከተተው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ አሥራ አራት ዓመቴ፣ የውሃ ማሰሮ ይዤ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ጎንበስ ብሎ ላይኛው ያጽናሽ አለኝ። ወዲያው ክፍሉ የሱ ሆነ፣ ቅዳሜው የሱ ሆነ፣ ቀስ በቀስ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ሕንጻ፣ ማይክሮፎን፣ እሁድ መጽሐፉ ሲመረቅ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ትሆናለህ ሊሉት ነው።

እሁድ። ሰዓት ሠሪው እዚያ አለ፣ የአባቴ ትልቁ ተማሪ፣ ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ ዓይኑ ላይ ያንን የሰዓት መነጽር ሰክቶ እያንዳንዷን መስመር ነው የሚያነባት፣ ቅጂው ቀድሞ ይደርሰዋል፣ አንዲት ቃል አታመልጠውም። ከፊተኛው ወንበር ይነሳል። መምህር ይቅርታ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ ኋላ የተነገረ ኋላ ነው ማለት አይደለም፣ ያንሳል ማለትም አይደለም፣ ያለዚያ ሰው ከዓሣ ባነሰ ነበር ብለዋል። ገጽ መቶ ሰማንያ አምስት ላይ ደግሞ ሴት ኋላ ስለተነገረች ታንሳለች ይላሉ። ሁለቱን ያስታርቁልን። ሃ! ግጭት ሊያስታርቅ የወጣ መጽሐፍ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ! በሕዝብ ፊት፣ ማይክሮፎን ይዞ፣ ያ ምላስ ምን እንደሚል አያለሁ፣ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ መጥቼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ።

እስቲ ደግሜ ላንብበው፣ አንጀቴን ያርሰዋል። በመጀመሪያው ትረካ ሴት የተጠቀሰችው ገና ለምትመጣው ነው፣ የአምላክ መልክ የተሰጠው ለወንዱ ነው፣ ለሷ የደረሳት በእሱ በኩል አልፎ ነው፣ በመስኮት እንደሚገባ ብርሃን፣ ስለዚህ ልትማር እንጂ ልታስተምር አልተፈጠረችም። ይሄ አባቴ አይደለም። ይሄ ተቃዋሚው ነው። አባቴ ደንብ ነበረው፣ በደብተሩ ግራ ገጽ ተቃዋሚውን ይጽፋል፣ በቀኙ መልሱን፣ ግራው የጨርቁ ጀርባ ነው ቀኙ ፊቱ ይል ነበር፣ ተቃዋሚውንም አያሳንሰውም፣ ሰውየው ራሱ ቢያነበው ይኸው ያልኩትን አለልኝ እስኪል ድረስ አሳምሮ ነው የሚጽፍለት። ለስላሳውም መጽሐፉን በዚሁ ደንብ አስደርድሮታል፣ ግራ ተቃዋሚ፣ ቀኝ መልስ፣ እዚህ ግን ገልብጦታል፣ ተቃዋሚውን አንስቶ በቀኝ፣ የአባቴን መልስ ደግሞ በግራ፣ መቶ ሰማንያ አራት ላይ፣ አንዳንዶች እንዲህ እያሉ ይስታሉ ብሎ። አባቴ ይስታል! እኔ እኮ ነበርኩ ሲናገረው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ። ለምን እንደገለበጠው አውቃለሁ። ለኔ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ ሕፃናቱን እንኳ ላስተምር ብዬ ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። መዝሙር አይደለም፣ ገንዘብ አይደለም፣ ስድስት ሰባት ሕፃን፣ ካፖርቱን ልነግራቸው። ፈገግ አለ፣ እህቴ እኔ ምን ከፋኝ፣ ግን አባትሽ ራሱ ነው ያለው፣ ቀኙ ገጽ ላይ፣ አለና በቃሉ ወጣው፣ ልትማር እንጂ ልታስተምር አልተፈጠረችም። ውሸት ነው አልኩ። ደብተሩ አለ አለ። አላሳየኝም። ምን ብሎ ያሳየኛል፣ ሌባ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ፣ ዳግመኛ እግሬ አልረገጠም፣ የሰው ጽሑፍ ነጠላ ሰረዝ ስለቅም ይኸው አርባ ሞላኝ።

ስልኩ። እናቴ ናት፣ ምሳ በላሽ ወይ ልትል። አልበላሁም እማዬ፣ የለስላሳውን መጽሐፍ እየጨረስኩ ነው፣ ደብተሩን የሰረቀንን። ቱ አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አልለቀቀሽም፣ ማን ሰረቀ፣ አባትሽ ራሱ ነው የሰጠው። እማዬ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት። እኔም በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት አስጠርቶት፣ ትራሴ ስር ነው፣ እስካለሁ አብሮኝ ይደር፣ ስሄድ ትወስደዋለህ፣ ሥራዬ ባክኖ እንዳይቀር፣ ልጅቷንም አደራ፣ አለው፣ እኔ እግሩን እያሸሁ ነበር። ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? መቼ ጠየቅሽኝ የኔ እናት፣ ሁልጊዜ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ብዪ አሁን ምሳሽን ብዪ።

ዘጋሁት። አይሆንም፣ አርጅታለች፣ ትቀላቅላለች፣ የአባቴ ሞት ላይ ግን ቀላቅላ አታውቅም። ሰጠው፣ እና ወሰደው። እሷ መስጠቱን ሰማች፣ እኔ መውሰዱን አየሁ፣ ካፖርቱ አንድ ነው፣ ዝም በል አባዬ፣ አሁን አንተን አላልኩም፣ አትምጣብኝ። ቢሰጠውስ፣ አሳትመህ ስምህን ለጥፍበት ብሎ ነው የሰጠው? ሥራዬ እንዳይባክን አለ እንጂ ስሜ ይጥፋ አለ? አደራ ተብሎ ነው ያባረረኝ? ይባስ። ይባስ ብሎ የበላው አደራ ነው፣ እንዲያውም ይሄኛው ከስርቆት ይብሳል፣ አላርመውም ብያለሁ አላርመውም።

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት። ደረጃው ላይ ጫማው ሲጮህ ይሰማኛል፣ ገባ፣ ሽቶው ቀደመው፣ ኮቱ አመድማ፣ ትከሻው ላይ የተሰፋበት በደንብ አልተቀመጠም፣ አባቴ ቢያየው ያወልቀው ነበር። እንዴት ዋልሽ እህቴ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው። አንተ ባለጌ ይላል ልቤ፣ እንደምን ዋሉ ጋሼ ይቀመጡ ይላል አፌ። ተቀመጠ። ከቦርሳው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፣ ይሄን ላንቺ ብዬ ነው፣ መጽሐፉ ካለቀ እኔ ጋ ምን ይሠራል፣ ያቺን ሕፃናቱን ላስተምር ያልሽኝ ቀን ላሳይሽ ዘርግቼልሽ ነበር እኮ፣ ሳታይው ወጣሽ። ዘርግቶልኝ? እጁ ላይ የሆነ ጥቁር ነገር ነበር፣ አዎ፣ የበሩን እጀታ ስይዝ፣ ጥቁር ነገር ወደኔ፣ አላየሁም፣ አላይም ብዬ ነው ያላየሁት፣ አላሳየኝም እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ተናገርኩ።

ደብተሩ ነው። ጠርዙ በአባቴ ጥቁር ክር የተሰፋ፣ የሱ ስፌት፣ አጭር አጭር፣ አይሳሳትም። ጣቴን አሳለፍኩበት፣ እንባዬ መጣ፣ መለስኩት፣ በዚህ ሰውዬ ፊት አላለቅስም። ግራ ተቃዋሚ፣ ቀኝ መልስ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ የአባቴ ጽሑፍ ቀጥ ያለ፣ ዓሣው አለ፣ ካፖርቱ አለ፣ እገልጣለሁ፣ እገልጣለሁ፣ የገለበጥክበትን ላግኝ፣ ያጭበረበርክበትን አሁን በወረቀት ላይ ላግኝና እዚሁ ልጩህብህ።

መጨረሻው ጋ ደረስኩ።

ግራው ገጽ ባዶ ነው። የደረቀ ቡናማ እድፍ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል። ቀኙ ላይ፣ ልትማር እንጂ ልታስተምር አልተፈጠረችም። አለ። እውነትም ቀኙ ላይ አለ።

ይሄን ገጽ በጣም ነው የምወደው፣ ይላል ለስላሳው ወደኔ ዘንበል ብሎ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይታያል አይደል፣ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የጻፈው ነው፣ ባነበብኩት ቁጥር ያስለቅሰኛል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ከመስመሩ ይወጣሉ፣ ከታች ይገባሉ፣ የ‹ስ› እግር እንዲህ ወደ ውጪ የምትራገጠው፣ እማዬ ሁሌ ትቆጣኝ የነበረው በሷ ነው፣ ይሄ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይደለም ጋሼ፣ ይሄ የልጅ እጅ ነው።

የኔ ነው።

መድኃኒቱ። የሳል መድኃኒቱን በማንኪያ ሳጠጣው ሳለ፣ ቶሎ በይ ልጄ ይጠፋብኛል ጻፊልኝ፣ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ተገልጦ፣ ጠርሙሱ ተንጋለለ፣ ግራው ገጽ ራሰ፣ በቀሚሴ ጠረግኩት፣ ይባስ ተዳረሰ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መናገር ጀምሯል፣ ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፣ ቆይ አባዬ ማለት አልቻልኩም፣ ትንፋሹ አጭር ነበር፣ በቀኙ ጀመርኩት፣ ስጨርስ ገለጥኩና መልሱን ከጀርባው፣ ግራው ላይ፣ ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ፣ ኋላ። ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ይኸው ከጀርባው፣ የኔው ጽሑፍ፣ ኋላ የተነገረ ሁሉ የሚያንስ ከሆነ ሰው ከዓሣ ያንሳል፣ ሴትም በመጀመሪያው ትረካ ከወንዱ ጋር በአንድ ትንፋሽ ተጠርታለች፣ መልኩም ለሁለቱም ነው፣ እንግዲህ የምታውቀውን ታስተምር። ታስተምር የምትለዋን ቃል ሲላት እጄን ነክቶኝ ነበር። ለኔ ነው ያለው። ለኔ ያለውን በተቃዋሚው ገጽ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አፈር በበላሁ። ሳይገለብጥ ነው እኮ። እንዳለ ነው የወሰደው፣ ግራ ግራ ነው፣ ቀኝ ቀኝ፣ የመምህሬ ደንብ ነው ብሎ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በኔ እድፍ እያለቀሰ።

እህቴ፣ ፌርማው? ይላል። ማሽኒስቱ ከታች፣ ኧረ በናታችሁ ፎርሙን! አሁን ዝም ብል ያልፋል። ማንም አያውቅም። እሁድ ሰዓት ሠሪው ይነሳል፣ ይሄ ሰው ይዋረዳል፣ እንዳሰብኩት፣ የለስላሳው ጥፋት ሦስት አልነበረም ወይ፣ ሰረቀ፣ ገለበጠ፣ አባረረ፣ ሁለቱ እጄ ላይ ሟሙ፣ አንዱ ቀረ፣ ያባረረኝ፣ እሱም ቢሆን በኔ ጽሑፍ፣ እና ስሙ፣ አዎ ስሙ፣ የአባቴ ስም የት አለ? ጋሼ የአባቴ ስም የት አለ? ምስጋናው ላይ አለ እኮ ይላል ቀለል አድርጎ፣ ለአንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ ብያለሁ። አንድ ልብስ ሰፊ! ደሜ ፈላ፣ ተመስገን፣ ደሜ የሚፈላበት አገኘ።

እሺ። ገጽ አርባ አንድንና መቶ ሰማንያ አምስትን ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ያንብቡ ጋሼ። አምንሻለሁ እኮ። አይመኑኝ፣ ያንብቡ። መነጽሩን አወጣ፣ በክራቫቱ ጠረገ፣ ጣቱ ዓሣው ላይ ደረሰች፣ ወደ ሌላኛው ሄደች፣ ተመለሰች፣ ጆሮው ከታች ጀምሮ ሲቀላ አያለሁ፣ ቀስ እያለ፣ ውሃ እንደሚጠጣ ጨርቅ፣ እየጣመኝ ነው፣ አልዋሽም፣ እያንዳንዱ ሰከንድ ይጣፍጣል።

አባትሽ ታሞ ነበር፣ ይላል፣ ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻክሮ። መቼም ሰው ነው፣ በመጨረሻው ሰዓት ተሳስቶ ይሆናል፣ በግርጌ ማስታወሻ መምህሬ እዚህ ላይ ስተዋል ብለን

አባቴ አልሳተም! ዲዛይነሯ ብድግ አለች። አባቴ አልሳተም፣ እኔ ነኝ፣ ይሄ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ መድኃኒት ደፍቼ ግራውን ሳበላሸው ተቃዋሚውን በቀኙ ጻፍኩት፣ መልሱ ከጀርባው ነው፣ ያ አንዳንዶች ይስታሉ ያሉት መልሱ እሱ ነው። ደብተሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ደብተሩን። ይሄ፣ የሚንቀጠቀጠው? አዎ የሚንቀጠቀጠው። ያስለቀሰዎት የኔ እጅ ነው። ጋሼ፣ ሴት ማስተማር አይገባትም የሚለውን ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩት ከአንዲት ሴት ልጅ ተምረው ነው።

ይኸው በቀሌ። ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል፣ ፊቱን እዪው፣ ኮቱ ውስጥ ያነሰ መሰለ። ለምን አልሞቀኝም ታዲያ።

የቀይ እስክሪብቶውን ክዳን ከፈትኩ። ከመቶ ሰማንያ አምስት ወደ መቶ ሰማንያ አራት አንድ ቀስት፣ ከአራት ወደ አምስት አንድ ቀስት፣ ቦታ ይለዋወጡ፣ ይስታሉ የሚለው ራስጌ ግራው ላይ ይቅር፣ በቀን አሥር ጊዜ የማሰምረው፣ ዛሬ ሁለቴም ተጠማዝዞ ወጣ። ከዚያ የሽፋኑን ወረቀት ስቤ የአባቴን ስም ከነአባቱ ጻፍኩበት። ከኔ በታች ነው? ይላል። በላይ ነው ጋሼ፣ ካልተስማሙ ቀስቱን እሰርዘዋለሁ፣ እንዳለ ይወርዳል፣ እሁድ ሰዓት ሠሪውን ያናግሩት። ሽፋኑን ወደ ራሱ ስቦ አነበበው። ከዚያ የት ጋ ነው የምፈርመው ብሎ አልጠየቀም፣ ራሱ ፈልጎ አገኘው፣ ፈረመ፣ ሲነሳ ወንበሩን ገጨ፣ በሩ ጋ ቆም አለ፣ እህቴ እኔ እኮ አምኜበት ነው አለ። አውቃለሁ። ያንን ማወቄ ነው የሚያቃጥለኝ። ይቅር አላልኩትም፣ ይቅር በይኝም አላለኝም።

ዲዛይነሯ ወረቀቱን ይዛ ሮጠች። ከታች ማሽኑ ተነሳ፣ ወለሉ ጫማዬ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ሳህኔ መስኮቱ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ ደብተሩ ፊቴ ነው፣ ያ እድፍ፣ ያቺ ልጅ በቀሚሷ ስትጠርገው። ማን አስወጣት ያቺን ልጅ ከዚያ ክፍል? እሱ ነው። እኔም ነኝ። ሁለቱም እውነት ነው አባዬ፣ አይጋጭም፣ አንዱ ከሩቅ ነው ሌላው ከቅርብ፣ ገባኝ፣ ካፖርቱ አንድ ነው፣ ለምን ታዲያ እንዲህ ያመኛል